የመኪናን ቦታ ተከታትሎ ትራፊክን መገመት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር የሚነሱ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ በጭነት መኪና ስምሪት ስሠራ ሹፌሮች፣ ባለንብረቶችና የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ አስፍሬዋለሁ።

መንገዱ ላይ ካሜራ ሳይኖር ስልኬ መጨናነቁን ከየት ያውቃል?

ከፊታችሁ ካሉት መኪኖች ነው። የሹፌሩ ስልክ ወይም መኪናው ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ በየጥቂት ሰከንዱ «አሁን እዚህ ነኝ» የሚል መልእክት በሞባይል ኔትወርክ ወደ አንድ ማዕከል ይልካል። ማዕከሉ የብዙዎችን መልእክት ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ መኪና የመንገዱን ቁራጭ በስንት ደቂቃ እንዳለፈ ያሰላና ቀለም ቀብቶ ይመልስላችኋል። ጎግል የትራፊክ ቀለሙን በካርታው ላይ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ከተሞች ነበር፤ በ2009 ደግሞ የተጠቃሚዎቹን ስልክ ራሱን የመረጃ ምንጭ አደረገው።

ብዙ ሰው «ሳተላይቱ እያየን ነው» ይላል። ሳተላይቱ ማንንም አያይም። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እየዞረ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ይናገራል እንጂ ከእኛ የሚሰማው ነገር የለም። ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ድምፅ ሰምቶ ቦታውን የሚያሰላው ስልኩ ነው፤ ለማዕከሉ የሚናገረውም ስልኩ ነው። ስለዚህ ጂፒኤሱ በደንብ እየሠራ ኔትወርክ ከሌለ መኪናው የት እንዳለ ሹፌሩ ያውቃል፣ እኛ ግን አናውቅም።

አንድ ነጥብ ውስጥ ምን ምን አለ?

መኪናው የሚልከውን እያንዳንዱን መልእክት «ነጥብ» እንለዋለን። ውስጡ ያለው የመኪናው መለያ ቁጥር፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ፍጥነትና አቅጣጫ ነው። የደብረ ብርሃን ኬክሮስ 9.68፣ ኬንትሮሷ 39.53 ገደማ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ያለው ሦስተኛ አኃዝ 111 ሜትር፣ አራተኛው 11 ሜትር፣ አምስተኛው 1 ሜትር ገደማ ይመዝናል። አኃዙ ተቆርጦ የመጣ ፋይል ከተቀበላችሁ መንገድ ለመለየት አትድከሙ፣ ላኪውን እንደገና ጠይቁት።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ሁለቱን ቁጥሮች ማገላበጥ ነው። 39.53ን ኬክሮስ፣ 9.68ን ኬንትሮስ ካደረጋችሁት መኪናችሁ ከሰርዲኒያ ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ብቅ ይላል። አንድ ተማሪ የባጃጅ መረጃ ይዞ መጥቶ ሁሉም ባጃጆች ሜዲትራኒያን ዳር ተሰልፈው አግኝተናቸው ስቀናል።

ፍጥነቱ የሚሰላው እንዴት ነው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በጊዜው ማካፈል ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ ከሳተላይቱ ሞገድ መለዋወጥ የሚያሰላው ቅጽበታዊ ፍጥነት ነው፤ አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ቀጥኖ ሲርቅ የሚወፍርበት ያው ምክንያት ነው። ለቅጽበት ፍጥነት ሁለተኛው ይበልጣል። ለትራፊክ ግን የሚፈለገው መንገዱን ለመጨረስ የፈጀው ጊዜ ስለሆነ የመጀመሪያውን ትቶ መሥራት አይቻልም።

እዚህ ላይ ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አንዱ መኪና በሰዓት 60፣ ሌላው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሄዱ እንበል። አማካዩ 40 ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 3 ደቂቃ ፈጀባቸው፤ በአማካይ 2 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነትን ሳይሆን የጊዜን አማካይ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ፍጥነት መልሱት። ያለበለዚያ መንገዱ ሁልጊዜ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያችኋል።

ስንት መኪና ቢኖረን ይበቃል?

ሁሉም መኪና አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 በርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከኖኪያ ጋር ሆኖ 100 መኪኖችን ስልክ አስይዞ በአንድ ፈጣን መንገድ ላይ ሲያመላልስ ዋለ። ከጠቅላላው ትራፊክ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነጥብ ቢልክ የመንገዱን ፍጥነት በደንብ መገመት እንደሚቻል አሳዩ። ያ ግን በሺዎች የሚቆጠር መኪና የሚፈስበት አውራ ጎዳና ነው። ከመቶ ሦስት እጅ እንደ ጫጫ ባለች ትንሽ ከተማ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲሰላ ምናልባት አንድ አይሱዙ ነው።

ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ ቁጥሩን አስቡ። የመኪኖች ፍጥነት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚለያይበት መንገድ ላይ የ4 መኪና አማካይ ስሕተት 5፣ የ25 መኪና 2፣ የ100 መኪና 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ መኪናውን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። እኔ ከአምስት በታች መኪና ያለፈበትን ሩብ ሰዓት ቀለም አልቀባም፤ ሹፌሮቹ ይነጫነጫሉ፣ ይነጫነጩ።

በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አንዱ ቦታ ቀይ፣ ሌላው ቦታ አረንጓዴ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ቀለሙ ፍጥነቱን ሳይሆን ንጽጽሩን ስለሚያሳይ ነው። እያንዳንዱ የመንገድ ቁራጭ ባዶ ሲሆን የሚሄዱበት የራሱ ፍጥነት አለው፤ የአሁኑ ለዚያ ተካፍሎ ነው ቀለም የሚሰጠው። የተጫነ ተሳቢ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ 25 ካገኘ ጌታ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ሜዳ ላይ 25 ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ።

ለንጽጽር መነሻ የሚሆነውን ይህን የባዶ መንገድ ፍጥነት ከምን ሰዓት እንደምትወስዱ ተጠንቀቁ። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ መንገዱ ባዶ ሆኖም ሰው በእግሩ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የክረምት ማለዳን መነሻ ካደረጋችሁ የበጋው መጨናነቅ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል።

ባጃጅ ላይ ብንገጥመውስ? ከተማውን የሞላው እሱ ነው።

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ባጃጅ የሚናገረው የመንገዱን ሳይሆን የራሱን ሥራ ነው። «ወራጅ አለ!» ሲባል ይቆማል፣ እጅ ሲያይ ይቆማል፣ ዝርዝር ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይቆማል። መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ስድስት ጊዜ የቆመ ባጃጅ በነጥቡ ሲታይ በመጨናነቅ ውስጥ ካለፈ መኪና ጋር አንድ ነው።

የሚለያቸው የአቋቋሙ መልክ ነው። መጨናነቅ ሲሆን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይቀዘቅዛል፣ አንድ ቦታ ላይ ይለቀቃል። ተሳፋሪ ሲሆን እያንዳንዱ በየራሱ ቦታ ይቆማል፣ በመካከሉ በሙሉ ፍጥነቱ ይሮጣል። ስለዚህ ለባጃጅ አማካይን ተዉና በቁራጩ ላይ ካለፉት መካከል ፈጠን ያሉትን ተመልከቱ። ፈጣኑም ካልቻለ መንገዱ በእርግጥ ተይዟል ማለት ነው። በተጨማሪም ባጃጅ በመኪኖች መሐል ሾልኮ ያልፋል፤ ባጃጁ አልፎ ዶልፊኑ ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ጋሪና የበግ መንጋ ነጥብ አይልኩም። እነሱን የምታውቋቸው ከኋላቸው በሚንቀረፈፉት መኪኖች ነው፤ የገበያ ቀን ማለዳ ላይ ደጋግሞ የሚታይ፣ ቀስ እያለ ወደ ከተማው የሚጠጋ ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ በግ ነው።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት። የመንገድ ካርታውን በነጻ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ታገኛላችሁ፤ ነጥብን ከመንገድ ጋር ለማገናኘት ቫልሃላ፣ ለማየት ኪውጂአይኤስ የተባሉት ሶፍትዌሮች በቂ ናቸው፣ ሁሉም አይከፈልባቸውም። በየ10 ሰከንዱ የሚልክ መኪና በ12 ሰዓት ውስጥ 4,320 ነጥብ ያወጣል። የኢንተርኔት ወጪው ትንሽ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሰፈራችሁ መንገድ ካርታው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። አዲስ በተከፈቱ መንደሮች በኩል የሚሄድ መኪና ካርታው ላይ እርሻ እያቋረጠ ሊታይ ይችላል። ካርታውን ማረም ለማንም ክፍት ነውና ራሳችሁ ሳሉት።

ጣርማበር ላይ መኪናው ገደል የገባ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያነሱት ተሳቢያቸው ካርታው ላይ ከመንገድ ወጥቶ ያዩ አንድ አባት ናቸው፤ ሌሊቱን ሳይተኙ ነው ያደሩት። መኪናው ደህና ነበር። ነጥብ ሁልጊዜ ይዋልላል። ሰማዩ ግልጥ በሆነበት ሜዳ ላይ ስልክ 5 ሜትር ገደማ ቢሳሳት፣ ገደል ሥር ግን ግማሹ ሰማይ በተራራ ተሸፍኖ የሳተላይቱ ሞገድ ከቋጥኝ እየተጋጨ ስለሚደርስ ስሕተቱ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ይሆናል። መንገዱ ደግሞ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ስለሆነ የላይኛውና የታችኛው እጥፋት በካርታ ላይ ተጠጋግተው ይታያሉ። ነጥቡን «በቅርብ ያለ መንገድ ላይ አስቀምጠው» የሚል ሶፍትዌር መኪናውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ያዘልለዋል።

መፍትሔው ነጥቦችን አንድ በአንድ ሳይሆን በሰንሰለት ማየት ነው። ኒውሰንና ክሩም የተባሉ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ዘዴ ዛሬም ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ ጥቂት እጩ መንገዶች ይይዝና «ከዚህ እጩ ወደዚያኛው በመንገድ ለመድረስ ስንት ሜትር ይፈጃል? ከነጥቦቹ ርቀት ጋር ይመጣጠናል?» እያለ በድምሩ የተሻለውን ጉዞ ይመርጣል። ርቀትንም በቀጥታ መስመር አትለኩ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት የተላኩ ሁለት ነጥቦች በአየር 80 ሜትር ቢራራቁ ፍጥነቱ 4.8 ኪሎ ሜትር ይመስላል፤ በመንገዱ ጥምዝ ሲለካ 400 ሜትር ከሆነ ግን ትክክለኛው በሰዓት 24 ነው። ዳገቱ በሙሉ «ተጨናንቋል» የሚል ካርታ ያየሁት በዚህ ስሕተት ነበር።

እዚያው ጣርማበር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስፈለፈለው የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ሌላ ጣጣ አለው። ውስጡ የሳተላይት ድምፅ አይገባም። መኪናው መግቢያው ላይ ይጠፋና መውጫው ላይ ብቅ ይላል። በመካከል ያለውን አትጨነቁበት፤ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ካለ የዋሻው ጊዜ ተገኘ ማለት ነው። አንዳንድ መሣሪያ ግን የመጨረሻውን ነጥብ ደጋግሞ ይልካል፤ ያን ጊዜ ዋሻው አፍ ላይ ሰልፍ ያለ ይመስላል።

መጨናነቁ የሚታየኝ በማይሆን ሰዓት ነው፤ ምን ነካው?

ሰዓቱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የምንለው በሌላው አቆጣጠር 8:00፣ መሣሪያው በሚልክበት በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 5:00 ነው። ሦስቱን የደባለቀ ፋይል በየሳምንቱ ይደርሰኛል። በዓለም አቀፉ ሰዓት ቀን የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ስለሆነ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል የተነሣ መኪና ጉዞው ለሁለት ቀን ይከፈላል፤ በሌሊት ለሚንቀሳቀስ የጭነት ሥራ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። መረጃውን በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጡ፣ ወደ እኛ ሰዓት የምትመልሱት ለሰው ስታሳዩ ብቻ ይሁን።

ቀኑም ያሳስታል። የጂፒኤስ ሳምንት ቆጣሪ 1,024 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ እንደዚያ ሆኗል። ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያ ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ሄዶ ይናገራል። ትንበያ የምትሠሩ ከሆነም በዓላቱን በእኛ አቆጣጠር ያዙ፦ እንቁጣጣሽ አንዳንድ ዓመት በሌላው አቆጣጠር አንድ ቀን ይገፋል፣ ፋሲካ ደግሞ የራሱ ዑደት አለው። የፋሲካን ዋዜማ እንደ ተራ ቅዳሜ የቆጠረ ሶፍትዌር ምን እንደሚሆን አስቡት።

የቆመ መኪና ሁሉ ተጨናንቆ ነው?

አይደለም። ሹፌሩ ምሳ ላይ ሊሆን ይችላል። መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ የቁልፉን ሁኔታ የሚልክ ከሆነ ሞተሩ የጠፋውን አውጡት። ቁልፍ ከሌለ ሌሎቹን ተመልከቱ፤ አጠገቡ መኪና እያለፈ እሱ ብቻ ከቆመ ጉዳዩ የራሱ ነው። የቆመ መኪና ነጥብ ዝም ብሎም አይቀመጥም፣ በጥቂት ሜትር ክብ ውስጥ ይንቀዋለላልና «በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው» ተብሎ ይቆጠራል።

ኬላ ግን ከባድ ነው። ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ሞተሩን አያጠፋም፣ ሰልፉም እውነተኛ ሰልፍ ነው። ለተጓዥ መዘግየቱ መታየት አለበት፤ «መንገዱ ጠቦናል» ብሎ ለሚያጠና ሰው ግን ለብቻው መለየት ይኖርበታል።

በመንገዱ ላይ ስንት መኪና እንዳለስ ይነግረናል?

አይነግርም። ነጥብ የላኩትን እንጂ ያልላኩትን አንቆጥርም። ብዛት ከፈለጋችሁ አንድ ሰው መንገድ ዳር አስቀምጣችሁ አስቆጥሩ፤ ያንን ቁጥር ከነጥቡ ቁጥር ጋር አነጻጽሩ።

ሰው ሆን ብሎ ሊያታልለው ይችላል?

ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነ ሥራው ሲሞን ቬከርት የተባለ ጀርመናዊ የኪነ ጥበብ ሰው 99 ስልክ በትንሽ ጋሪ ጭኖ በርሊን ጎዳና ላይ በእግሩ እየጎተተ ሄደ፤ ባዶው መንገድ ጎግል ላይ ቀላ።

ሳይታሰብም ይሆናል። ሃምሳ ተሳፋሪ የጫነ አውቶቡስ ውስጥ ሃምሳ ስልክ አለ። አብረው የሚጓዙ ነጥቦችን እንደ አንድ መኪና መቁጠር ግድ ነው። በጥር ወር ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሠርግ አጀብ አለ፦ አሥራ አምስት መኪና እየነፋ አደባባዩን ሦስት ጊዜ በዝግታ ይዞራል። ይህ ማታለል ነው ወይስ መጨናነቅ? ከኋላቸው ለተያዘ ሰው መጨናነቅ ነውና እኔ አላጠፋውም።

ስም ካልተላከ ማንነቴ አይታወቅም፣ አይደል?

ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎች የሞባይል መረጃ ጥናት፣ ቦታና ሰዓት የያዙ አራት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ከሌላው ለይተው እንደሚያሳዩ አረጋግጧል። እኛ ዘንድ አራትም አያስፈልግም። ከመንዝ ገጠር ማለዳ የምትወጣ አንዲት አይሱዙ ብቻ ባለችበት መንገድ ነጥቧ ስም ነው።

ስለዚህ የጉዞውን መነሻና መድረሻ ጥቂት መቶ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ መለያ ቁጥሩን በየቀኑ ለውጡ፣ ለሌላ ስትሰጡ ነጥቡን ሳይሆን የመንገዱን ድምር ስጡ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ጥበቃ ሕግ አድርጎታልና ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ሹፌርንም ሳትነግሩት አትከታተሉ። የሚያውቅ ሹፌር መሣሪያውን አይነቅለውም።

መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ካርታው አረንጓዴ ያሳየኝ ለምንድን ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መንገድ ሲዘጋ መኪና አያልፍም፤ መኪና ካላለፈ ነጥብ የለም። ነጥብ ሲጠፋ ብዙ ሶፍትዌር ባዶውን ቦታ በቀድሞው ልማድ ይሞላዋል፦ «ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ እዚህ መንገድ ደህና ነበር፣ ስለዚህ ደህና ነው።» የተዘጋና ጭር ያለ መንገድ በነጥብ ሲታዩ መንታ ናቸው። በክረምት የጣርማበር ቁልቁለት ላይ ናዳ ቢወርድ መጀመሪያ የሚታያችሁ ቀይ አይደለም፣ ዝምታ ነው፤ ቀዩ ዘግይቶ ከሁለቱም ወገን ሰልፉ ሲያድግ ይመጣል።

ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ መንገዱ ላይ መኪና ነበረ፣ ነጥብ ግን አልነበረም። በዚያ ጊዜ የተሰበሰበውን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ «ትራፊክ ቀንሷል» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው። አንዳንድ መሣሪያ ነጥቡን አስቀምጦ ኔትወርክ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይልካል፤ ስለዚህ ነጥቡ የተወሰደበትንና ማዕከል የደረሰበትን ሰዓት ለየብቻ መዝግቡ። የትናንቱን የአሁን አድርጎ የሚያሳይ ካርታ ጭራሽ ካርታ ከማጣት ይከፋል።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። አራተኛ ቀለም ጨመርን፣ ግራጫ። በአንድ ቁራጭ ላይ በሰዓቱ ከሚጠበቀው መኪና አንድም ሳያልፍ 30 ደቂቃ ከሞላ አረንጓዴው ይጠፋና ግራጫ ይሆናል። ግራጫ ሲሆን ስልክ አንስተን ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ያደረውን ሹፌር «መንገዱ እንዴት ነው?» እንለዋለን።